ፈታች እንጂ አልተፈታችም

…ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፣ ይሄንን ያወጣው መልአክ ግን ሲጠጣ ያደረ መሆን አለበት፣ መጀመሪያ መሬት ላይ የተጋደመች ጭረት፣ ቀጥላ እንደ መብረቅ የተሰባበረች ፊደል፣ ከዚያ ቁጥር፣ ከዚያ ፊደል ፊደል ፊደል፣ ደግሞ ቁጥር፣ ነጥብ የለ፣ ክፍተት የለ፣ ትንፋሽ መሰብሰቢያ የለ፣ ግድግዳውን በሞላው ስክሪን ላይ ከዳር እዳር ተዘርግቶ፣ ይሄ ሁሉ የተማረ ሰው አገጩን ይዞ ያየዋል፣ እኔም አያለሁ፣ ለምን አላይ፣ ወንበር ሰጥተውኛል፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ እግሬን ባነሳ ይዞኝ የሚሄድ፣ ስለዚህ እግሬን አላነሳም።

ይሄ ነው እንግዲህ ፍቺው። ጠዋት ነፍሴን ሊነጥቀኝ የነበረው ፍቺ።

ወጥ ቤት ቆሜ ሻይ እየቀዳሁ ነው፣ የልጄ ልጅ፣ ቁንዶዬ፣ ቁንዶ በርበሬ ነው የምላት፣ ታንሳለች ግን ታስነጥሳለች፣ ኮሪደሩ ላይ ስልክ ይዛ፣ ዛሬ ፍቺው ካልተሳካልኝ አበቃ፣ እስከ ዛሬ ታግሰውኛል፣ ከዚህ በላይ ማንም አይታገሰኝም፣ ስትል እሰማለሁ፣ ፍቺ፣ ሻዩ ብርጭቆውን አልፎ እጄ ላይ ፈሰሰ፣ ገና ዓመት ያልደፈነ ትዳር፣ ባልየው ደግሞ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ እንቁላል ይልጣል፣ ረጋ ብሎ፣ ሾፌር ነው፣ በመኪናም በትዳርም የማይቸኩል፣ አንተ፣ ምን አድርገሃት ነው አልኩት፣ ምን አደረግኋት እማማ፣ ፍቺ እያለች አይደለም እንዴ፣ እንቁላሉን እንደጎረሰ፣ አዎ፣ ቀኑ ዛሬ ነው፣ እንዲሳካላት ይጸልዩላት እንጂ፣ አይለኝም!

ማንኪያ ወረወርኩበት። ሳትኩት። ዓይኔ ደክሟል።

ቁንዶ ነገሩ ሲገባት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ እማማ የስም ፍቺ ነው፣ የሥራዬ ነው፣ የሙከራ ጊዜዬ ዛሬ ያበቃል፣ የሠራሁትን ስም መፍቻ አለቃዬ ፊት አሳያለሁ፣ ከሠራ ቋሚ እሆናለሁ፣ ካልሠራ ዕቃዬን ሰብስቤ እመጣለሁ፣ እኔ ግን ደሜ ገና አልወረደም፣ ጭራሽ ስምሽንም ሊፈታው ነው ይሄ ድዳ፣ አልኩ፣ ድዳው ሳቀ፣ ቁንዶም ካላመንሽኝ ነይና በዓይንሽ እዪ፣ የዓይን ሐኪምሽ ቀጠሮ ከሰዓት አይደል፣ በዚያው እወስድሻለሁ፣ አለችኝ፣ መጣሁ፣ በዓይኔ እያየሁ ነው፣ ያለኝን ያህል ዓይን ይዤ።

አውቶቡስ ውስጥ አስረዳችኝ፣ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ለእያንዳንዱ ሥራ ስም ያወጣሉ፣ ክፈት፣ ዝጋ፣ አስረክብ፣ ታዲያ ብዙ ሥራ አንድ ስም ይይዛል፣ ሰው የጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚያዞረው ነገር አለ፣ ኮምፓይለር ይሉታል፣ እሱ እንዳይምታታበት ስሙን ከነዘመዱ፣ ከነሰፈሩ፣ ከሚቀበለው ዕቃ ሁሉ ጋር አጣብቆ አንድ እባብ ያደርገዋል፣ የፊደሉን ብዛት ሳይቀር ከፊቱ ይለጥፍበታል፣ ለማሽን ማር፣ ለሰው ሬት፣ ፕሮግራሙ የታመመ ቀን ተዝለፍልፎ ሲወድቅ የመጨረሻ ቃሉ ያ የተጣበቀ ስም ነው፣ ማን ገፍቶ እንደጣለው ለማወቅ ስሙን መፍታት ነው እማማ፣ ገባሽ፣ ለምን አይገባኝም፣ እኛም ሰፈር እኮ ሦስት ሴቶች አንድ ስም ነበራቸው፣ ስሙ ብቻውን ቢጠራ ሦስቱም አቤት ይላሉ፣ እንዲለዩ አንዷን የጎማ ጠጋኙ ሚስት፣ አንዷን ፎቅ ቤት ያለችው፣ ሦስተኛዋስ አለችኝ፣ ሦስተኛዋ ሞታለች አልኳት፣ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። የተፈታችው።

ለመለያ ብለው ለጠፉት፣ ዋናው ስሜ ተላጠና መለያው ቀረ፣ የተፈታችውን ጥሯት፣ የተፈታችው ጋ ሹራብ አለ፣ ልጄን ሳይቀር የተፈታችው ልጅ።

ኧረ ዝም፣ ተጀመረ።

አለቃዋ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ኪሱን የሚዳብስ ሰው ነው፣ መነጽሩን ነው የሚፈልገው፣ የጥንቶቹ የጠፋውን ይፈልጉ ነበር፣ የዛሬዎቹ ያደረጉትን ይፈልጋሉ፣ እሺ አሳዪን አለ፣ ቁንዶ ተነሳች፣ አቤት አቋቋም፣ አንገቷ የኔ ነው፣ የእናቷ አይደለም፣ እናቷ ነርስ ናት፣ አልጋ ላይ ስታጎነብስ አንገቷ እዚያው ቀረ፣ ይቺ ግን ቀና ብላ፣ ጠቅ አደረገች፣ እባቡ ሄደ፣ በቦታው ቁርጥ ቁርጥ ያለ ስም፣ መዝገብ ቤት፣ ክፈት፣ የሚቀበለው ቁልፍ፣ እያነበበች ታስረዳለች፣ ሌላ አመጣች፣ ጠቅ፣ ተፈታ፣ ሌላ፣ ጠቅ፣ ተፈታ፣ እጄ ጭኔ ላይ ሳላዘው ይጠቀልላል፣ ክር ያለ ይመስል፣ ይሄንን እንቅስቃሴ አውቀዋለሁ፣ እናቷን በምን አሳደግኋት፣ አሮጌ ሹራብ እየፈታሁ አዲስ እየሠራሁ አይደለም እንዴ፣ ሹራብ የሚፈታው ካለቀበት ጫፍ ነው፣ ከተጀመረበት ከጎተትሽው ይተበተባል፣ ጫፏን ካገኘሽ ግን ትር ትር ትር እያለ ይመጣል፣ እጅጌ የነበረው፣ ደረት የነበረው፣ የማንም ሽማግሌ ሆድ ላይ ሲወጠር የኖረው፣ ሁሉም ወደ ክርነቱ፣ ክር ደግሞ ቂም የለውም፣ ያደረግሽውን ይሆናል።

መልካም አለ ባለመነጽሩ፣ አሁን እኔ ልስጥሽ።

ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ከስር ቆፍሮ፣ ረጅም፣ እንደ ዕዳ የረዘመ፣ ባለፈው ወር ዕቃ የሚያመላልሰውን ፕሮግራም የጣለው ይሄ ነው አለ፣ ቁንዶ ለጠፈችው፣ ጠቅ፣ ተፈታ፣ ተመስገን፣ ማስረከቢያ፣ አስረካቢ፣ ምናምን፣ ይነበባል፣ ባለመነጽሩ ራሱን ነቀነቀ፣ ጥሩ ነው፣ አልፈሻል አለ፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደው ጎረምሳ ላፕቶፑን ዘጋ፣ ወንበሮች ተንቀሳቀሱ፣ አልፋለች፣ ልጄ አልፋለች፣ እልል እንዳልል ጥርሴን ነከስኩ፣

ቆዩ አለች።

ቁንዶ ናት። ጆሮዋን ይዛለች፣ የጆሮዋን ጫፍ በሁለት ጣት፣ ከሕፃንነቷ ነገር ሲሸታት እንዲህ ነው የምታደርገው፣ ቆዩ፣ ተሳስቷል።

አንቺ ልጅ! ዝም በይ እንጂ፣ ማን አየ፣ ማን ጠየቀሽ፣ ሰው አለፍሽ ሲል አልፌያለሁ ነው እንጂ የሚባለው፣ የበሰለ እህል ላይ ውኃ የሚጨምር አየሁ፣ ምላሴ ከአፌ ሊዘል ደረሰ፣ ያዝኩት፣ ይሄን ምላስ መንግሥት አልያዘውም፣ ባል አልያዘውም፣ እኔ ግን ያዝኩት፣ ለሷ ብዬ።

ምኑ ነው የተሳሳተው፣ ይነበባል እኮ፣ አለ ባለመነጽሩ፣ ይነበባል አለች፣ እዩት ግን፣ አስረካቢ ለአስረካቢ ነው የሚለው፣ ሰው ለራሱ አያስረክብም፣ ሁለተኛው ተረካቢ መሆን አለበት፣ ኮምፓይለሩ አንዴ የጠራውን ደግሞ አይጠራም፣ ያኛው ብሎ በምልክት ያልፈዋል፣ የኔ መፍቻ የትኛውን ያኛው እንደሚል ስቶታል፣ ጎረምሳው ሳቀ፣ ትንሽ ነገር ናት፣ ነገ ታስተካክያታለሽ፣ ቁንዶ ግን፣ አቤት ቁንዶ፣ ተሳስቶ የሚነበብ ስም ከማይነበበው ይብሳል፣ የማይነበበውን ሰው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል፣ የሚነበበውን አምኖ ይሄዳል፣ ማንም አይጠይቅም።

ማንም አይጠይቅም።

ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔ ነኝ እኮ በሩ ላይ የቆምኩት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልጄን አዝዬ፣ የሹራብ መርፌዬን ብብቴ ስር ሸጉጬ፣ ፈትቼሃለሁ ያልኩት እኔ ነኝ፣ በስሜ አንድ ቀን ጠርቶኝ የማያውቅ ባል፣ ስሚ ነበር ስሜ፣ ስሚ ውኃ፣ ስሚ ጫማዬን፣ ሰማሁ፣ ስሰማ ኖርኩ፣ አንድ ቀን አንተም ስማ አልኩት፣ ፈትቼሃለሁ፣ ሳቀ፣ እኔ መንገዱን ሳልጨርስ ለጎረቤቱ ሁሉ ፈታኋት አለ፣ በቃ፣ ቀደመኝ፣ ወሬ ደግሞ ቀድሞ ለነገራት ናት፣ ሴት ትፈታለች ይላሉ፣ ፈን ጠበቅ አድርገው፣ እኔ ግን ላላ አድርጌ ነው የፈታሁት፣ በዚያች በጠበቀች ፈ፣ በዚያች በተለጠፈች ተ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የተጣለ ዕቃ ሆኜ ተነበብኩ፣ አይዞሽ እያሉ የሚያዝኑልኝ፣ ማዘናቸው ነበር የሚያንገበግበኝ፣ ምን አጥፍታ ይሆን የሚሉት፣ አላጠፋሁም፣ አልተፈታሁም፣ ፈታሁ፣ ብዬ አፍ አውጥቼ ስናገር ደግሞ፣ ምስኪን፣ ቁጭት ነው የሚያናግራት።

የምን ቁጭት። ደስ ብሎኝ ነው የፈታሁት።

አሁን ልሥራው አለች ቁንዶ፣ አሁን፣ እናንተ ፊት፣ ባለመነጽሩ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ቆሟል፣ ካልሠራስ አላት፣ ካልሠራማ አላለፍኩም፣ እኔንም እንዳልፈታሁ ቁጠሩኝ፣ ኧረ አንቺ! ይሄን ያወረስኳት እኔ ነኝ፣ በሩ ላይ ቆሞ መናገር፣ ተቀመጠች፣ መጻፍ ጀመረች፣ የሚሰማው ቁልፎቹ ብቻ፣ ጣራው ላይ የሚነፋው ቀዝቃዛ አየር፣ የባለመነጽሩ እጅ ኪስ ለኪስ፣ ደረት ኪስ፣ የሱሪ ኪስ፣ እንደገና ደረት፣ አላስችል አለኝ፣ ግንባርህ ላይ ነው ልጄ፣ አልኩት።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፣ እሱም ሳቀ፣ መነጽሩን አወረደና በመነጽሩ እኔን አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ቁንዶ ብቻ ቀና አላለችም፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ባዶዋ ምልክት ናት አንደኛዋ፣ ዜሮ የተጻፈባት ሁለተኛዋ ናት፣ እኔ ዜሮ ስላልኩ አንደኛ መሰለኝ፣ ባዶዋን ረስቻታለሁ፣ ትላለች ለራሷ፣ ባዶዋን መርሳት፣ ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት እሱ አይደል፣ ምንም ያልተጻፈባት ናት መጀመሪያ የነበረችው።

ጠቅ።

አላየሁትም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ የሰማሁት ባለመነጽሩ ቀስ ብሎ ሲያነብ ነው፣ ማስረከቢያ፣ አስረካቢ፣ ተረካቢ፣ ደግሞ አነበበው፣ እንዴ፣ አለ፣ እኛ እኮ ባለፈው ወር ይሄንን በእጃችን ስንፈታው አስረካቢ ለአስረካቢ ብለን ነው የፈታነው፣ ለዚህ ነው ጥፋቱን ያጣነው፣ ሌላ ቦታ ስንቆፍር ከርመን፣ ጎረምሳው ላፕቶፑን መልሶ ከፈተ፣ ምሳ የሚባል ነገር የተረሳ መሰለ።

ሰኞ ሁሉም ማሽን ላይ ይግባ አለ ባለመነጽሩ፣ የምትጭኚው አንቺው ነሽ፣ ወንበርሽንም ከዚያ ጥግ አምጪና ወደ መስኮቱ፣ ቁንዶ መስኮቱ እኮ የቋሚዎቹ ቦታ ነው አለች፣ ታዲያ ምን አልኩሽ አላት፣ ስሙን ማን እንበለው ግን፣ ይሄን ነገር።

ዞራ አየችኝ፣ ዓይኗ ውስጥ ያ የጠዋቱ ማንኪያ እየበረረ ነው፣ ሳቋን ዋጠች።

ፍቺ፣ አለች።

ፍቺ? ሰው ይደነግጣል እኮ፣ ይደንግጥ አለች፣ ሲገባው ይስቃል፣ ተነስታ ነጩ ሰሌዳ ላይ በቀይ ጻፈችው፣ ትልቅ አድርጋ፣ በኛው ፊደል፣ እኔ የማነበው ቆጥሬ ነው፣ ፊደል በፊደል፣ ይሄን ግን ሳልቆጥር አነበብኩት፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚለው ቃል፣ እኔ ስመጣ የሚቋረጥ ቃል፣ አሁን ጎረምሳው ከክፍሉ ጫፍ እየጮኸ ነው፣ ፍቺን ላኪልኝ፣ እዚህም ማሽን ላይ ፍቺ ይሠራል፣ ኧረ ፍቺ ግሩም ነው፣ ወዲያ ማዶ ያለችው ልጅም፣ እኔም ፍቺ እፈልጋለሁ! ማንም ድምፁን አይቀንስ፣ ማንም አይዞሽ አይለኝ፣ ሳቄ መጣ፣ እግሬን አነሳሁ መሰለኝ፣ ወንበሩ ይዞኝ ዞረ፣ ይዙር።

ባለመነጽሩ አጠገቤ መጥቶ ጎንበስ አለ፣ እጁን ዘረጋልኝ፣ እናቴ፣ መነጽሬን ስላገኙልኝ አመሰግናለሁ፣ ለመሆኑ እርስዎን ማን እንበል?

ማን እንበል። ተነሳሁ፣ ወንበሩን በእጄ ይዤ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ።

የፈታችው አያት ነኝ፣ አልኩት።

እንደፈለግህ ፍታው፣ ልጄ፣ በሷም በኔም በኩል ትክክል ነው።