ከሥሩ የተቆረጠው ዛፍ

ኢሽቤል አርብ ረፋዱ ላይ በአንድ መስመር ፕሮግራም ሁለት ሺህ ሰው አጠፋች። ሰዎቹ የአንዲት የስኮትላንድ ደሴት ዘር ማንዘር ናቸው። ሦስት በጋ ሙሉ፣ የዘሩን ቆጠራ በቃላቸው በሚያውቁት በደሴቲቱ አዛውንት በእማማ ፔጊ ማድ ቤት ተቀምጣ ከአፋቸው እየለቀመች፣ እያንዳንዱን ከእናት ካባቱ ጋር አስተሳስራ፣ ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ውስጥ አኑራቸው ነበር። አሁን እማማ ፔጊ የወለዷትን ልጅ እንኳ አይለዩም፤ ድጋሚ የሚጠየቅ ሰው የለም።

እዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ራሳቸው ባበጁት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ‘አስቀምጥ’ የሚባል ትእዛዝ የለውም፤ ሥር ከሚሉት ከማህደሩ መነሻ ጋር የተያያዘ ሁሉ ማሽኑ ቢጠፋም እንዳለ ይኖራል። ከሥሩ የተቆረጠውን ደግሞ ጠራጊ የሚሉት ፕሮግራም አርብ አርብ ይወስደዋል። እንዲህ ያለ ምቾት ሰውን ያሰንፋል፤ መጠባበቂያ ቅጂ በቴፕ መገልበጥ እንኳ ከቀረ ቆይቷል። ኢሽቤልም ሥሩ ላይ በአሮጌው የዘር ዛፍ ቦታ ባዶ አዲስ ዛፍ ተክላ፣ አሮጌውን አሁን አዛውረዋለሁ ስትል ሻይ ተጠራች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ግን ስትመለስ የሚለቀምም አላገኘችም። ጠራጊው ጨርሶ ነበር።

ማሽኑን የሚጠብቁት ሽማግሌው ሙርዶ ፓይ እየበሉ ጉዷን ሰሙና ሳቁ። ብታንቃቸው ደስ ባላት።

«ጠራጊው ማንም ያልያዘውን ነው የሚወስደው» አሉ። «ሌላ የያዘው የለም?»

«ማን ይይዘዋል? ከኔ ሌላ የሚነካው የለም እኮ።»

«አንቺ ልጅ፣ ፕሮግራምም እዚያው ማህደር ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የሚሠራበትን ሁሉ እንደያዘ። በነዚያ ሰዎች ላይ የጻፍሽው አንድ እንኳ የለም?»

ነበር። ባለፈው ዓመት ለእማማ ፔጊ ልደት፣ እናት በእናት እየቆጠረ ስም የሚያትም አምስት መስመር ቀልድ ጽፋ፣ ሥሩ ላይ ለብቻው አንጠልጥላው ረስታዋለች። ወዲያው አስነሳችው። ስሞቹ የታተሙበት ወረቀት ከማተሚያው እየተንቋቋ ወጣ። ያቺ የቀልድ ፕሮግራም ዛፉን በሙሉ ጨብጣ ይዛው ኖራለች! ኢሽቤል ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች፤ እፎይታው ከእንባ ጋር ገነፈለባት።

«መጀመሪያ ሥሩ ላይ መልሺው» አሉ ሙርዶ፣ «ኋላ ታለቅሻለሽ።»

መለሰችው። ከዚያ ወደ ደሴቲቱ ደወለች፤ የእማማ ፔጊ ልጅ ስልኩን እናቷ ጆሮ ላይ አደረገችላቸው።

«ማን ልበል?» አሉ እማማ ፔጊ።

ኢሽቤል ስሟን አልተናገረችም። ከወረቀቱ ላይ ቀስ ብላ፣ ፔጊ የሞር ልጅ፣ ሞር የራናልት ልጅ፣ ራናልት የፊኖላ ልጅ እያለች አነበበችላቸው።

«አዎ» አሉ እማማ ፔጊ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ።»