የቢልቂስ ዘጠኝ ጫጩቶች

ቢልቂስ ጫጩቷን በሻሿ ሸፍና የሰሚራን በር በክርኗ ገፋችው። ሰሚራ መኖ ልትገዛ ተክለ ሃይማኖት ሄዳለች፤ ሳትመለስ መጨረስ አለባት። ሥራው ቀላል ነው፤ ሽባዋን አስቀምጦ ደህናዋን ይዞ መውጣት።

ነገሩን ያመጡት አማቷ ናቸው። እማማ መይሙና ሃያ የአንድ ቀን ጫጩት ገዝተው፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ለሚኖሩት ለሁለቱ ልጆቻቸው ሚስቶች አሥር አሥር አካፈሏቸው። “አርብ መጥቼ የማናችሁ እጅ እንደሚባረክ አያለሁ” ብለው ሄዱ። እንግዲህ ይሄ ይባላል? ድሮም ሰሚራ የነካችው ሁሉ ያምርላታል፤ ወጧ እንኳን ሳይቀር ይወራለታል። ትልቁን ልጅ ያገባችው ቢልቂስ ሆና ሳለ፣ ከአማቷ አፍ የማትጠፋው የታናሹ ሚስት ናት። ይሄ አንጀቷን ማሳረር ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው።

ስለዚህ በንጽሕና ልታስከነዳት ተነሳች። ሰሚራ ከአናጢ ቤት ለምና ያመጣችውን ሰጋቱራ ካርቶኗ ውስጥ ስትነሰንስ፣ ቢልቂስ የራሷን ካርቶን አበባ ያለበት አዲስ የወለል ፕላስቲክ አነጠፈችበት። ጠዋት ማታ ትወለውለዋለች፤ ያብረቀርቃል። በአራተኛው ቀን የአራቱ ጫጩቶች እግር ግራና ቀኝ ተከፍቶ በደረታቸው ተነጠፉ። ከአራቱም የአንዷ ከመገጣጠሚያው ተጣሞ ወደ ኋላ ዞረ። ዛሬ አርብ ነው፤ በሻሹ ውስጥ ያለችው እሷ ናት።

ቢልቂስ የሰሚራ ካርቶን ላይ ጎንበስ እንዳለች አንዲት ወፍራም ቢጫ ጫጩት ዓይኗ ውስጥ ገባች። እጇን ስትዘረጋ ግን ከሚሯሯጡት መካከል የሁለቱ እግር በቀጭን ፕላስተር ተያይዞ አየች።

“ቢልቂሴ? ምነው፣ በደህና?” ሰሚራ መኖውን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማለች።

ቢልቂስ ቀና አለች። ውሸት ፈለገች፤ አልመጣላትም። “ከኔዎቹ አራቱ አልቆም አሉ” አለች፣ ሽባዋን ከሻሹ ገልጣ።

“እኔም መጀመሪያ ቀን ጋዜጣ አንጥፌ ሁለቱ እንዲህ ሆነውብኝ ነበር። መኖ ሻጩ ነው ያሳየኝ። እግራቸውን በልኩ አራርቀሽ በፕላስተር ታያይዥዋለሽ፤ በሦስት በአራት ቀን ይቆማሉ። አንቺ ምን ላይ አደረግሻቸው?”

“ፕላስቲክ ላይ።”

“ውይ፣ ያዳልጣቸዋል እኮ።”

ሰሚራ ይህን ያለችው ሳታሾፍ ነው። ብታሾፍ ለቢልቂስ ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ የምትቀየምበት ታገኝ ነበር።

ሰሚራ ጫጩቷን ተቀብላ መገጣጠሚያውን በጣቷ ዳሰሰች። ጫጩቷ ጮኸች።

“ሦስቱን እናስራቸዋለን። ይቺ ግን አትድንም፤ ጅማቷ ከቦታው ወጥቷል። ምግቡ ጋ አትደርስ፣ ሌሎቹም እየረገጧት… ማቆየቱ ማሰቃየት ነው። ባልሽ በስለታም ቢላ ቶሎ ቢገላግላት ይሻላል።”

“አውቃለሁ” አለች ቢልቂስ። ከጠዋት ጀምሮ ታውቃለች፤ ለመለወጥ እሷን የመረጠችውም ለዚሁ ነው።

ሰሚራ ትንሽ አሰበችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ዘጠኝ ብቻ ሆነው ሲያዩ እማማ ቅር ይላቸዋል። ከኔ አንዷን ውሰጂ፤ እሳቸው የት ያውቃሉ?” ብላ ያቺኑ ወፍራም ቢጫ ጫጩት አንስታ ዘረጋችላት።

ቢልቂስ ልትሰርቃት የመጣችውን ጫጩት አየቻት። ‘በደግነትም ልትበልጠኝ ነው’ አለች በሆዷ።

“ተይው። ዘጠኝ ናቸው እላቸዋለሁ። ፕላስቲኩን ያነጠፍኩትም እኔ ነኝ እላቸዋለሁ” አለች። ከዚያም፣ “ፕላስተሩን ግን ስጪኝ” ብላ ጨመረች።

ፕላስተሩንና ሽባዋን ጫጩት ይዛ ግቢውን አቋረጠች። ባሏ አብዱልጀባር ደጃፉ ላይ ጫማውን ያስራል።

“ቢላውን ሳለው፤ በደንብ አድርገህ” አለችው። እስኪስል ድረስ እንዳይበርዳት ጫጩቷን መልሳ በሻሿ ሸፈነቻት።