የአኮ ሃጂራ ወንበር

ጎባ ውስጥ እንግዳን «በቃህ፣ ሂድልኝ» ማለት ነውር ነው። ሰው ሁሉ «አኮ»፣ አያቴ፣ የሚላቸው ሃጂራ ይህን ነውር በዕድሜያቸው ሙሉ አንድም ቀን ፈጽመውት አያውቁም። ምን ሲደረግ? ወንበር አላቸው።

ወንበሩ የሟቹ ባለቤታቸው የሐጂ ዓብዱልፈታሕ ነበር። ከዋንዛ የተሠራ፣ ክንዱ ላይ ሐረግ የተቀረጸበት፣ ጀርባው ሰፊ፣ ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ሹም የሚቀመጥበት ዓይነት ነው። ሳሎኑ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ አኮ ሃጂራ ከሁሉም ትልቁን መርጠው «ታኣ፣ ታኣ፣ እዚህ ላይ ይቀመጡ» ይላሉ። ክብር ነውና እንግዳው እምቢ አይልም። ሲቀመጥ መጀመሪያ ምንም የለም። ጨዋታው ሞቅ ማለት ሲጀምር ግን ከመቀመጫው ሆድ ውስጥ አንዲት ቦታዋን የለቀቀች የሽቦ ሞላ ቀስ ብላ ወደ ላይ ትመጣለች። ሰውየው ወደ ግራ ይላል፤ ተከትላው ትሄዳለች። ወደ ቀኝ ይላል፤ እዚያም አትምረውም። ሻዩን ሳይጨርስ «እንግዲህ ደህና ዋሉ» ብሎ ይነሳል። አኮ ሃጂራም «ምነው፣ ምኑን ተጫወትን?» እያሉ እስከ አጥር በር ይሸኙታል።

ጃርሶ ይህን ሁሉ የሰማው ከቢፍቱ ነው። ቢፍቱ የአኮ ሃጂራ የልጅ ልጅ ናት፤ ጎባ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ አያትና የልጅ ልጅ ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጃርሶ ደግሞ ሮቤ ላይ ሶፋ የሚያድስና የሚያለብስ ባለሙያ ነው። የወንበሩን ታሪክ ስትነግረው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። መሳቁን ያቆመው የገዛ ሽማግሌዎቹ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡ ዕለት ነው።

ቢፍቱን እንዲጠይቁለት የላከው ኤሱማ የሚላቸውን የእናቱን ወንድም፣ ዱጉማን፣ ነበር። ኤሱማ ዱጉማ አፋቸው የሚጣፍጥ፣ ንግግራቸው የተከበረ ሰው ናቸው። ችግሩ፣ የሚጣፍጥ አፍ ጊዜ ይፈልጋል። የመጡበትን ጉዳይ ዘሎ መጀመር ብልግና ስለሆነ መጀመሪያ ስለ ጤና፣ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስንዴው፣ ስለ ከብቱ ይጠየቃል። ከዚያ ይመረቃል። ከዚያ ነው «የመጣንበት ጉዳይ» የሚባለው። ኤሱማ ዱጉማ ስንዴው ላይ ሲደርሱ ሞላዋ ደረሰችባቸው። ትልቁ ከተነሳ ደግሞ ሌላው ተቀምጦ አይቀርም፤ ሁሉም ተከትለው ወጡ።

ሁለተኛ ጊዜ ሄዱ። ያኔ እንደምንም ከብቱ ላይ ደርሰው ነበር። ድንገት ብድግ ሲሉ የወንበሩ ጨርቅ ተተርትሮ ሞላዋ ራሷን አወጣች። የኤሱማ ዱጉማም ሱሪ አልተረፈም።

«ስማ» አሉት ጃርሶን፣ ሮቤ ሱቁ ድረስ መጥተው፣ ቁጭ ይበሉ ቢባሉም እምቢ ብለው እንደቆሙ። «ለአንተ ስል አንድ ጊዜ ደግሜ እሄዳለሁ። አፌን ሳልከፍት ከተመለስኩ ግን ሌላ ሽማግሌ ፈልግ፤ ሌላም ልጅ ፈልግ። ሰው እየሳቀብን ነው።»

ጃርሶ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ቢፍቱን ማጣት ማለት ምን እንደሆነ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አስቦት አያውቅም ነበርና ሲያስበው ፈራ።

በሳምንቱ ሱቁ ደጃፍ ላይ አንድ ባጃጅ ቆመ። ከኋላው ወንበሩ በገመድ ተጠፍሮ ታስሯል፤ ከውስጥ አኮ ሃጂራ ምርኩዛቸውን አስቀድመው ወረዱ።

«የድሮ ወንበር በድሮው መንገድ የምታለብስ አንተ ነህ አሉኝ።»

«አዎ፣ አኮ። ከጋሽ ደምሴ ነው የተማርኩት።»

«ደምሴ ጎበዝ ነበር። እንግዲህ ጨርቁን ቀይርልኝ። ስፖንጅ የሚባል ነገር እንዳታስገባብኝ። እንጨቱንም በሰም አሽልኝ።» ምርኩዛቸውን አነሱና የተተረተረችውን ቀዳዳ ጠቆሙ። «እቺን ሞላ ግን እንዳታወጣት። እንዳትቀይራት። ሐጂ እንደተዋት ትቀመጥ።»

ጃርሶ አያቸው። እሳቸውም አዩት። ማን እንደሆነ ያውቃሉ? ጎባና ሮቤ መካከል ያለውን መንገድ ሚኒባስ ሳይወጣው ወሬ ቀድሞ ይጨርሰዋል፤ እንዴት አያውቁም! ግን ያልተነገረ ነገር አልታወቀም ማለት ነው፤ ሽማግሌዎቹም ገና አልተናገሩም። ስለዚህ አኮ ሃጂራ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

«ቃል?» አሉት።

«ወላሂ፣ አላወጣትም፤ አልቀይራትም» አለ ጃርሶ። ባጃጁ ሲሄድ በራሱ ላይ ተናደደ። ማን ማል አለው?

ሥራውን ግን ወደደው፤ መዋሸት አያስፈልግም። ሮቤ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያዘው ግድግዳ ሙሉ የሚዞር በስፖንጅ የተነፋ ሶፋ ነው፤ ዓመት ሳይሞላው መሃሉ ይሰምጣል፣ ባለቤቱም ጃርሶን ይሰድባል። ይኼኛው ወንበር ሌላ ነው። የዛገውን ምስማር በጉጠት አንድ በአንድ ነቀለ። የበሰበሰውን ጆንያ አነሳ። ከሥሩ የፈረስ ጭራ ወጣ፣ አርጅቶ እንደ ገለባ የደቀቀ፣ ስለዚህ አዲስ ያስፈልገዋል።

ጋሪ ተራ ሄዶ ማበጠሪያ ይዞ ፈረሶቹ ኋላ መቆም ጀመረ። ጉቱ የሚባለው ባለጋሪ «ለምንድን ነው?» አለው።

«ለወንበር።»

«ወንበር ጭራ አለው እንዴ?» አለና ጉቱ ፈረሱን አዙሮ አቆመበት። ጃርሶ እንደማይቆርጥ፣ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ብቻ እንደሚወስድ እስኪያስረዳ ድረስ ጋሪ ተራው በሙሉ ተሰበሰበ። በኋላ ግን ፈረሳቸው በነጻ ሲበጠር ማን ይጠላል? ተራ ያዙለት። ጃርሶ የሰበሰበውን አጠበ፤ እንደ ገመድ አጥብቆ ገመደው፤ በፈላ ውሃ ቀቅሎ ፀሐይ ላይ አደረቀው። ገመዱ ሲፈታ ጭራው ተጠቅልሎ ይቀራል፤ ሰው ቢቀመጥበት ይረግባል፣ ሲነሳ ተመልሶ ይነፋል። ጋሽ ደምሴ «ስፖንጅ ይሞታል፣ ጭራ ያርፋል» ይሉት ነበር።

የቀረችው ሞላዋ ናት። ጃርሶ ሥራ ፈትቶ ትክ ብሎ ሲያያት ዋለ። ካልነካት ቢፍቱ ትቀራለች። ካወጣት መሐላው ይቀራል፤ እሱን ተከትሎም የአኮ ሃጂራ እምነት። ግን የማለው እንዳያወጣት፣ እንዳይቀይራት ነው። እንዳያስራት አልማለም!

ሌሎቹን ሞላዎች እንደ ደንቡ በሲባጎ እርስ በርሳቸው አሰረ። እሷን ለብቻዋ ወደ ታች ጎትቶ አሰራትና የሲባጎውን ጫፍ በኋለኛው እግር አሳልፎ አንዴ ሲሳብ በሚፈታ ቋጠሮ ያዘው። ቋጠሮው እስካለ ድረስ ትተኛለች። ጫፉን የሳበ ቀን ትነሳለች። ጆንያውን አለበሰ፣ ጭራውን ሞላ፣ በወስፌ ዳር ዳሩን ሰፋ፣ በላዩ ላይ ጥቁር ቀይ ከፋይ ወጠረበት። ሲጨርስ ራሱ ተቀመጠበትና መነሳት አቃተው።

ወንበሩን ወደ ጎባ ከመላኩ በፊት ለቢፍቱ ደወለላት።

«ሽማግሌዎቹ ሲሄዱልሽ ጫፉን ሳቢው፤ እንደ ድሮው ትሆናለች። እስከዚያ ግን ማንም እንዳይነካው።»

ቢፍቱ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቋረጠችና፦ «አኮን ማታለል ሆነብኝ፣ ጃርሶ።»

«እኔም ከብዶኛል። ሌላ መንገድ ካለሽ ንገሪኝ።»

«እሺ፣ ላከው» አለችና ስልኩን ዘጋች።

በቀጠሮው ቀን ጃርሶ ጎባ ነበር፤ ጠያቂ ራሱ አይገባምና ከቤታቸው በታች ያለች ሻይ ቤት ተቀምጧል። ቢፍቱ ስልኳን ከፍታ ኪሷ ውስጥ ከታዋለች፤ እሱ አንዱን ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ በሌላው ያዳምጣል። ሻይዋ ፊቱ ቀዘቀዘች።

ኤሱማ ዱጉማ ለክፉም ለደጉም ብለው ሁለት ሱሪ ደራርበው ነው የገቡት። «ታኣ፣ ታኣ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የኤሱማ ዱጉማ ድምፅ፣ እየተገረመ፦ «አይ… አይ ወንበር!»

ጤናው ተጠየቀ። ዝናቡ ተነሳ። ስንዴው አለፈ። ጃርሶ ጉልበቱን ይዞ «በርታ፣ ኤሱማ» ይላል በልቡ። ከብቱ ላይ ሲደርሱ ግን ኤሱማ ዱጉማ ዘና አሉ። ያለወትሯቸው የአንዲት ላም ታሪክ ጀመሩ፤ ላሟ ወዴት እንደሄደች ሳይናገሩ ድምፃቸው ዝቅ እያለ ሄደ። ቆመ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ስልኩ ውስጥ ማንኮራፋት መጣ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ጃርሶን ላብ አጠመቀው። ኤሱማውን የሚወጋ ወንበር ሲፈራ፣ ለካ የሠራው የሚያስተኛ ኖሯል! እሳቸው አንቀላፍተው ከተመለሱ አፋቸውን አልከፈቱም ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ አይሄዱም። የገዛ እጁ ሥራ በጣም አቃጠለው። ራሱን ረሳና ስልኩ ላይ ጮኸ፦

«ኤሱማ! እባክህ ተነስ! ቢፍቱን ላጣት ነው!»

ሻይ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየው። ስልኩ ውስጥ ግን ማንኮራፋቱ ቀጠለ። ቀጥሎ አንድ ጩኸት፣ ወንበር ሲንሸራተት፣ ብርጭቆ ሲወድቅ፣ ከዚያም የኤሱማ ዱጉማ ድምፅ፣ ያለ ዝናብ፣ ያለ ስንዴ፣ ያለ ምርቃት፦

«ልጅቷን ስጡን!»

ሳሎኑ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሚስቁት አኮ ሃጂራ ነበሩ፤ ሳቁ ሲያንቃቸው ይሰማል። በመጨረሻ ትንፋሻቸውን ሰብስበው «ተነግሯል፤ ሰምተናል። ዘመድ እናማክር» አሉ። ይህ ደግሞ እምቢ አይደለም፤ ማንም ያውቀዋል።

ጃርሶ ሮጦ ቢፍቱን አጥሩ ጋ አገኛት። «ጎበዝ! ምን ብዬ ልካስሽ!»

ቢፍቱ አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ ቆማለች። «እኔ እኮ አልሳብኩትም። እጄ ላይ ትሪ ነበር።»

መልሱ በደግ መጣ፤ ዘመድ ተስማማ። ከዚያ በኋላ ባለው ጁምዓ፣ ከስግደት መልስ፣ አኮ ሃጂራ ጃርሶን ብቻውን አስጠሩት።

«ታኣ» አሉት። ወንበሩ ላይ። ተቀመጠ፤ ሌላ ምን ያደርጋል? እሳቸው አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«ወንበሩ የመጣ ዕለት ገልብጬ አየሁት» አሉ። «ሞላዬን አላወጣሃትም፤ አልቀየርካትም። አስረሃታል። በጣም ተናደድኩ። ቋጠሮውን ልፈታው እጄን ሰድጄ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ይህ ሰው መሐላውን ላለመብላት ብሎ ይህን ያህል ከተጨነቀ አልኩና ተውኩት።»

ጃርሶ አንገቱን ደፋ። «ይቅር ይበሉኝ፣ አኮ።»

«ቆይ። እኔም አለብኝ። ሽማግሌዎችህን ሁለት ጊዜ ያባረርኳቸው አንተን ጠልቼ አይደለም። ሐጂ ሄደ። ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው። ቢፍቱ ስትሄድ ይህ ቤት ባዶ ይቀራል፤ ፈራሁ። በቃ፣ ፈራሁ ነው የምልህ።» ምርኩዛቸውን በእጃቸው አዞሩ። «ሦስተኛው ጊዜ ሽማግሌህ ሲያንቀላፋ አልሐምዱሊላህ ብዬ ነበር። ከዚያ ከልጅቷ ኪስ ድምፅህ መጣ። ቀና ብዬ ሳያት ትሪውን እንደያዘች እንባዋ ይወርዳል። ያን አይቼ ዝም ልል? ጫፉ እጄ ሥር ነበር፤ ሳብኩት። በኋላ መልሼ ቋጠርኩት።»

ጃርሶ ሲያስበው የሰነበተውን አወጣው። «ቢፍቱን ከዚህ አልወስዳትም፣ አኮ። እኔ ነኝ የምመጣው። ሮቤ ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ፤ ሚኒባስ ሞልቷል። እርስዎ ከፈቀዱ ጓዳው አጠገብ ያለችው ክፍል ትበቃናለች።»

አኮ ሃጂራ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጃርሶንም ደስታው ሰውነቱን ሁሉ አላላው። በራሱ ሥራ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ፤ ሁለት ክንዱን በሐረጉ ላይ ዘረጋ፤ እግሩን አነባበረ። የቤቱ አባወራ የሆነ መሰለው።

ሞላዋ ወግታው ብድግ ሲል ጭንቅላቱ የመብራቱን አምፖል ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከጓዳ የቢፍቱ ሳቅ ተሰማ።

«ገና ኒካሕ አልታሰረም እኮ» አሉ አኮ ሃጂራ፣ ጎንበስ ብለው ጫፉን መልሰው እየቋጠሩ። «ሥራህ ግን ጥሩ ነው።»