ለእናትሽ አንብቢላት

«ናፊያ፣ ተዪው እሱን ብርጭቆ። ሦስተኛ ጊዜ ማጠብሽ እኮ ነው» አለች አበበች ከበሩ ላይ ቆማ። «ግቢና ተቀመጪ።»

«ቁጢ የሚቀዳ ሰው ያስፈልጋል» አለች ናፊያ ከሳፋው ቀና ሳትል።

የቡና ቅጠሉ ቁጢ ማንቆርቆሪያው ውስጥ በርዷል፤ የሚቀዳለት ሰው ግን አልነበረም። እትዬ ተናኘወርቅ ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። እድሩ በተከለው ድንኳን ሥር ሦስት ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው ያንጎላጃሉ። ከውስጥም ከአበበች ሌላ ሁለት የሠፈር ሴቶች ብቻ ተቀምጠዋል። የኤረር በር ገበያ ሻጮች ጩኸት ግንቡን ተሻግሮ ይመጣና ግቢው ውስጥ ሲደርስ ይሞታል።

ናፊያ ከሟቿ ጋር በአንድ ግቢ፣ በር ለበር ትይዩ ኖራለች። ሆኖም የዚያን ቤት ደፍ ከረገጠች አሥራ አራት ዓመት አልፏታል። ሬሳው ሲወጣ እንኳ ያለቀሰችው ከራሷ በር ላይ ሆና ነው።

አበበች መጥታ ክንዷን ያዘቻት። አበበችና ሟቿ የወታደር ሚስቶች ሆነው ከጎጃም አብረው ነው የመጡት።

«ሞታለች እንግዲህ» አለቻት። «አሁን ማንን ታፍሪያለሽ?»

ናፊያ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ገባችና በበሩ ሥር ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ግድግዳው እንደ ድሮው ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የተለጠፈበትን ጋዜጣ ጭስና ዕድሜ ቢጫ አድርገውታል። ናፊያ ፊደል አትለይም። ነገር ግን ከታች በኩል፣ የሕፃን እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ፣ በከሰል የተከበቡትን ፊደሎች አወቀቻቸው። የከበበቻቸው ልጇ ሱመያ ናት።

ያኔ ሱመያ አምስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ጀማል የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ወር ሙሉ ይጠፋል፤ ናፊያ ደግሞ ኤረር በር ላይ ኦቾሎኒ ትሸጣለች። ልጅቷን ፀሐይ ላይ ይዛ ስትውል ያዩዋት እትዬ ተናኘ አንድ ቀን «እኔ ጋ ትዋል፤ ብቻዬን ነኝ» አሏት።

ተቀምጠው «ሀ ሁ» አላስጮኋትም። መጀመሪያ ያሳዩዋት የስሟን መነሻ ነው። «ይቺ ‹ሱ› ናት፤ ያንቺ ናት። ግድግዳው ላይ ተደብቃለች፣ ፈልጊያት» አሏት። ልጅቷ ከሰል ይዛ ስትፈልግ ትውላለች፤ ባገኘቻት ቁጥር ትከባታለች። «በ‹ሱ› የሚጀምር ምን አለ?» ሲሏት «ሱቅ! ሱሪ! ሱመያ!» እያለች ትዘላለች። ዱቄት ሲነፉ ሰፌዱ ላይ በጣቷ ያስጽፏታል። የጨውና የስኳሩ ጣሳ ላይ ስማቸውን ጽፈው «ስኳሩን አምጪልኝ» ይሏታል፤ ተሳስታ ጨው ካመጣች፣ ጨው የገባበትን ሻይ ፊታቸውን እያጨማደዱ አብረው ይጠጡታል።

አንድ ቀን ናፊያ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ «አንቺም ቤትሽ ተረት ንገሪያት» አሏት።

«እኔ? እኔ እኮ ማንበብ አልችልም፣ እትዬ።»

«አያትሽ ተረት የነገሩሽ አንብበው ነው እንዴ? በኦሮምኛም ይሁን በሐረሪኛ፣ እሳቸው ያሉሽን በያት። ጆሮዋ ሳይጠግብ ዓይኗ ብቻውን አያነብም።»

ናፊያ ያን ዕለት ስለ ጅብና ስለ አህያ የምታውቀውን ሁሉ ነገረቻት። በማግስቱ ልጅቷ ተረቱን እትዬ ተናኘ ቤት ወስዳ ደገመችው። ዓመት ሳይሞላ፣ ከከሰሉ ክብ እስከ ሙሉ ቃል ደረሰች።

ከዚያ የጀማል እናት ከገጠር ሊጠይቋቸው መጡ። ሱመያ፣ እናቷ ኦቾሎኒ ከምትጠቀልልበት አሮጌ ወረቀት አንዱን አንሥታ አያቷ ፊት ቆመች። «ማ... ር... ያ... ም» ብላ አነበበችና፣ በርቺ እንዲሏት ቀና ብላ አየቻቸው።

የአሮጊቷ ፊት ጠቆረ። «ልጄ መንገድ ለመንገድ ሲንከራተት፣ አንቺ ልጁን ክርስትና ልታስነሺበት ነው?» አሉ።

ናፊያ ግቢውን እንዴት እንዳቋረጠች አታስታውስም። የምታስታውሰው፣ ያን ቀን «እርስዎ» ከአፏ መጥፋቱን ነው።

«አንቺ!» አለች። «ወልደሽ የማታውቂ! ያላማጥሽውን ልጅ ልትወስጂ ነው?»

እትዬ ተናኘ ምስር እየለቀሙ ነበር። እጃቸው ቆመ። ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ፣ ተነሡ፣ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ብቻ ሆነ። አንድ ረመዳን ላይ ናፊያ በሰው እጅ ሳንቡሳ ላከችላቸው፤ ሳህኑ ታጥቦ፣ ትኩስ ዳቦ ተደርጎበት ተመለሰ። ቃል ግን አልነበረበትም። ጀማል ጅጅጋ ሌላ ሚስት አግብቶ ቀረ። ሱመያም አድጋ የነርስነት ትምህርት ለመማር ድሬዳዋ ወረደች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግቢ፣ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን፣ በራቸው ላይ ተቀምጠው ያመሹ ነበር። ናፊያ ስንት ጊዜ ልትነሣ አስባለች። ስታስብ ደም ግፊት እትዬ ተናኘን በአንድ ጠዋት ወሰዳቸው።

«ዘር ሳይተኩ መሞት ከባድ ነው» አለች ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ፣ በሹክሹክታ።

«ወልዳ ነበር» አለች አበበች።

ናፊያ ቀና አለች።

«ብሌን የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረቻት። ሰማንያ ሦስት ግንቦት ላይ ጦሩ ሲበተን ተናኘ ወፍጮ ቤት ነበረች። ባሏ ልጅቷን መኪና ላይ አሳፍሮ፣ ‹እናትሽ በኋላኛው ትመጣለች› ብሏት ወደ ጅቡቲ መንገድ ሄደ። እሷ ዱቄቷን ተሸክማ ስትደርስ ቤቱ ባዶ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ። ይኑሩ ይሙቱ የሚያውቅ የለም። አገራችን እንግባ ብዬ ስንቴ ለመንኳት! ‹ብሌኔን የቤቱን ቁጥር ማንበብ አስተምሬያታለሁ› ትለኛለች። ‹አንብባ የመጣች ዕለት ማን ይከፍትላታል?›»

ናፊያ ግቢው ውስጥ ቤት የተከራየችው ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ የነገራትም፣ የጠየቀችውም ሰው አልነበረም።

«እኔን ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

«ነግራሽ ምን ትሁን? ያን የሰደብሻት ቀን እኔ ጋ መጥታለች። አላማችሽም። ‹እናት ትፈራለች፣ እኔም ብሆን እፈራለሁ› ብቻ ነው ያለችው።»

ናፊያ ተነሥታ ወደ ሳፋው ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሱመያ ከድሬዳዋ በሚኒባስ ደረሰች። ሽማግሌዎቹን ሰላም ሳትል በቀጥታ ገብታ «እማማ ተናኘ!» ብላ መሬት ላይ ተዘረጋች። ናፊያ ልጇ እንዲህ ስታለቅስ አይታ አታውቅም። አባቷ ጥሏቸው ሲሄድ እንኳ አላለቀሰችም። ሲወጣላት ናፊያ ውሃ ይዛላት ወጣችና ከግንቡ ጥላ ሥር አብረው ተቀመጡ።

«እኔ ከልክዬሽ ነበር እኮ» አለቻት። «ትሄጂ ነበር?»

«አንድ ቀን ብቻ።» ሱመያ ፊቷን ታጠበች። «አላስገቡኝም። እናትሽ ሳትፈቅድ አይሆንም አሉኝ። ሳለቅስባቸው ጊዜ፣ ‹ለእናትሽ አንብቢላት› አሉኝ። ‹በራችሁ ላይ ተቀምጠሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት። እኔ እዚህ ሆኜ እሰማሻለሁ። ከተሳሳትሽ ሁለቴ አስላለሁ፤ ያን ጊዜ መልሰሽ አንብቢው።›»

ናፊያ ያን ጊዜ አስታወሰች። ልጅቷ ከገበያ መልስ ደፉ ላይ ተቀምጣ፣ የኦቾሎኒውን ወረቀት አንድ በአንድ እያነሣች፣ ግቢው እስኪሞላ ስታነብ ታያት። እሷ ደግሞ እየጠቀለለች «ቀስ በይ፣ ጆሮዬን በላሽው» ትላት ነበር። ቢሆንም ትሰማት ነበር። የተቆረጠ ታሪክ ሲገጥማቸው መጨረሻውን አብረው ይፈጥሩ ነበር። ከዚያ ማዶ ሳል ይመጣል፤ ሱመያም ቆም ትልና ወደ ኋላ ትመለሳለች።

«እኔ የሳንባ በሽታ የያዛቸው መስሎኝ ነበር» አለች ናፊያ። «ወደሳቸው አትጠጊ እልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ሦስተኛ ክፍል እስክገባ። በኋላ ሳሉ እየቀነሰ መጣ።» ሱመያ ፈገግ ልትል ሞከረችና አልሆነላትም። «አንድ ቀን ሙሉ ገጽ አንብቤ ጨረስኩ። ምንም አልተሰማም። ምን ሆኑ ብዬ ቀና ስል፣ በራቸው ላይ ቆመው ያለቅሳሉ።»

ከሰዓት በኋላ የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ሱመያ ከአበበች ጋር ወንበር ትደራርባለች። ለእትዬ ተናኘ ለዓመታት ወተት ስታመጣ የኖረች አንዲት የሶፊ ገጠር ገበሬ ሴት በግቢው በር ገባች። ወሬውን የሰማችው እዚያው ኤረር በር ላይ ነው። ዕቃዋን መሬት አስቀምጣ፣ የሚነቀለውን ድንኳን፣ ቀጥሎም ሰዎቹን አየች።

«ለማን ነው ሶብሪ የምለው?» አለች፣ የምታጽናናውን ሰው በዓይኗ እየፈለገች። «የሷ ሰው ማን ነው?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አበበች መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች።

ናፊያ ተነሣች። ሻሿን አስተካክላ በግቢው መካከል አቋርጣ ሄደችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ለእኔ በይኝ።»

ሴትዮዋ እጆቿን ይዛ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አለቻት።

ናፊያ «አሚን» አለች፤ የሴትዮዋን እጅ ግን አልለቀቀችም።