ሞግዚቱ ወረፋ

የላቦራቶሪ ሙያ ተማሪዋ ችግር በሰዓት ሲለካ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነበር። የሰባት ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት የምትወጣው ስምንት ተኩል ላይ ነው፤ የእሷ የተግባር ትምህርት ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት ከሃያ እስከ አሥራ አንድ ይቆያል። ከዚህ ትምህርት ሦስት ቀን የቀረ ፈተና አይቀመጥም። እሷ ሁለት ቀን ቀርታለች።

እስከዚያ ድረስ ልጅቷን የምትይዝላት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ልጅቷ አንድ ቦታ ስለማትረጋ ሰፈሩ ፌንጣ ይላታል። ፌንጣ አንድ ቀን ሜትሩን አንስታ የአንድ የተከበሩ ደንበኛ ሆድ ለካችና ቁጥሩን በሱቁ ለተቀመጠው ሁሉ ጮክ ብላ አነበበች። ሰውየው ሱሪያቸውን ሳይወስዱ ወጡ።

«ልጅሽን እወዳታለሁ እህቴ» አለች ልብስ ሰፊዋ የልጅቷን ቦርሳ እያስረከበች። «ደንበኞቼን ግን የበለጠ እወዳቸዋለሁ።»

ኮሌጁ ወላጅ ለሆኑ ተማሪዎች የልጅ ማቆያ ክፍያ እንደሚሸፍን የሚገልጽ ማስታወቂያ በድጋፍ ቢሮው በር ላይ ተለጥፏል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ሕፃን ይስቃል። ፎቶውን የተነሳው ወረፋ ከመያዙ በፊት መሆን አለበት።

የቢሮውን መስኮት የያዙት ሰው ጋሽ ነገ ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው፤ እሳቸውም አልተቃወሙም። የቅጹ ሰባተኛ ጥያቄ «በአሁኑ ጊዜ ልጁን ማን ይጠብቃል?» ይላል። «ማንም» ብላ ጻፈች።

ጋሽ ነገ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ማንም ካልሽማ ኮሚቴው ልጇን ሜዳ ላይ የምትጥል ነው የሚልሽ።»

«ጎረቤቴ ብዬ ልጻፍ?»

«ጠባቂ ካላት ድጋፉ ለምኑ ነው?»

«ታዲያ ምን ልበል ጋሼ?»

«በሂደት ላይ በይ። ደግሞ ጉዳዩ እስኪያልቅ ልጅቷም በየቀኑ በአካል ትቅረብ። አምና አንዱ ያልወለደውን ልጅ አስመዝግቦ ጉድ ሠርቶናል። ኮሚቴው በዓይኑ ካላየ አያምንም።»

«ኮሚቴው የት ነው ያለው?»

«ስብሰባ ላይ።»

ሰዓቷን አየች፤ አሥር ከአሥር ነው፤ ሁለተኛው ቀሪዋ የዛሬው ነው። ነገም እንደዛሬው ከፊቷ አሥራ ሦስት ሰው ከተሰለፈ ሦስተኛው ሊጻፍባት ነው። የሙያዋ የመጀመሪያ ትምህርት ግን ምንም ነገር ከመንካትሽ በፊት የተለጠፈውን ሁሉ አንብቢ የሚል ነበርና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከወንበሮቹ በላይ እንዲህ ይላል፦ ቦርሳ፣ ጃንጥላና ድንጋይ ወረፋ አይዝም። ሰው ብቻ።

አጠገቧ የቆመችውን ፌንጣን አየቻት። ሰው ናት።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። «ተራሽ ሲደርስ ከኋላሽ ላለው ልቀቂ። እኔ ሳልመጣ መስኮቱ ጋ እንዳትደርሺ።» ላቦራቶሪው ከግቢው ማዶ ነው። አሥራ አንድ ከአሥር ላይ ስትመለስ ልጅቷ የቤት ሥራዋን ጨርሳለች፤ ተራ የለቀቀችላቸው ሁሉ ሲመርቋት ውለዋል። ጋሽ ነገ ፋይሉን ገልጠው አንድ ወረቀት እንደጎደለ ተናገሩና «ነገ» አሉ። እናትየው በሕይወቷ ይህን ቃል እንደዚያ ቀን ወዳው አታውቅም።

እንዲህ እያለ አሥራ አምስት የሥራ ቀን አለፈ። አንድ ቀን የልደት ወረቀት፣ አንድ ቀን የልደት ወረቀቱ ቅጂ፣ አንድ ቀን ቅጂው ዋናውን እንደሚመስል የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ጎደለ። ፌንጣ ከወንበሩ ወደ መስኮቱ ውስጥ ተዛወረች፤ የጋሽ ነገን የቀን ማኅተም ቁጥር የምታዞረው እሷ ሆነች። ማኅተሙ እስከዚያ ድረስ ያለፈውን ሳምንት ቀን እንጂ የዕለቱን አሳይቶ አያውቅም ነበር።

«ምን ያስቸኩልሻል» ይሏታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እግር ካወጣ እኮ እንቁላል አይደለም ጋሼ። ጫጩት ነው።»

ጋሽ ነገ በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው ይህን ያላቸው አልነበረም። ጉዳዩን ለነገ አሳደሩት።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ገና ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስም ጠሯት። ፊታቸው በርቷል።

«እንኳን ደስ ያለሽ። ኮሚቴው ፈቅዶልሻል።»

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ክፍያው የሚጀምረው ከሚመጣው የትምህርት ዘመን ነው። የተግባር ትምህርቷ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ይቀረዋል።

«ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ መመላለስ ቀረልሽ» አሉ።

«ልጅቷስ?»

«ፋይሉ ተዘጋ እኮ። ፋይል የሌለው ሰው ወረፋ አይዝም።»

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ሆኗል። ስምንት ደቂቃ አላት። ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ከሥራ ሰዓት ዝርዝር በታች፣ ማንም ያላነበበው አንድ መስመር ነበር፤ ቅሬታ ያቀረበ አመልካች ፋይሉ እንደገና ይከፈታል ይላል።

«የቅሬታ ቅጽ ይስጡኝ ጋሼ።»

«ተፈቅዶልሽ ምኑን ነው የምትቃወሚው?»

«መፈቀዱን።»

ጋሽ ነገ አፈጠጡባት። ከዚያ ወደ ፌንጣ ዞሩ፤ ልጅቷ የነገውን ቀን ከወዲሁ አዙራ ማኅተሙን በጨርቅ እየወለወለች ነው። መሳቢያቸውን ሳቡ።

«ቅሬታ ጊዜ ይፈጃል» አሉ ቅጹን በመስኮቱ እየገፉ። «ከሰባት ሳምንት በታች ያለቀ አላየሁም።»

«አመልካች በየቀኑ መቅረብ አለበት?»

«ልጅቷም ጭምር» አሉ ጋሽ ነገ፣ ኮስተር ብለው።

ፌንጣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እናትየው ግቢውን በሩጫ አቋረጠች።