ሰባተኛው ወረቀት

ታምሲር ሲላን የመረጣችሁት መልኩን አይታችሁ ነው የሚሉን አሉ። መልከ መልካም ነው፤ አልዋሽም። ረጅም ነው፣ ጥርሱ ነጭ ነው፣ ያንን ሰፊ ነጭ ቀሚሱን፣ ቡቡውን ሲለብስ ደግሞ ሙሽራ ይመስላል። ግን በሰፈራችን በቲያሮይ ባሕር ዳርቻ መልከ መልካም ወንድ ሞልቷል፤ አንዱንም ፕሬዚዳንት ላድርግህ ብዬ አላውቅም። እንዲህ የሚሉት ሰዎች እኛን ከመጠየቅ ይልቅ በሬዲዮ ስለ እኛ መተንተን የሚቀናቸው ናቸው። ወጣቱ ተታለለ፣ ወጣቱ ስሜታዊ ነው፣ ወጣቱ እንዲህ ነው። ወጣቱ እኔ ነኝ። ያንዴ እባላለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው በአድማ ሲዘጋ ሁለት ዓመት የተማርኩትን ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ አሁን ሹሩባ እሠራለሁ። ስለዚህ እኔው ልናገር።

ከምርጫው ሦስት ሳምንት በፊት ታምሲር ሰፈራችን መጣ። ዓሣ በሚሰጣበት ሜዳ ፒካፕ ላይ ወጥቶ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ባሕራችንን ስለሚያራቁቱት የውጭ መርከቦች ተናገረ። ሌሎቹም የሚሉትን ነው፤ እሱ አሳምሮ ይለዋል እንጂ። እኔና ጓደኛዬ ኪኔ ጥግ ይዘን ኦቾሎኒ እየፈለፈልን ነበር። በመሃል ንግግሩን አቆመና፣

«ከዚህ ሰፈር ወጥተው ባሕር የበላቸውን ልጆች ስም ንገሩኝ» አለ።

በእኛ ሰፈር እነሱ አይወሩም። በጀልባ ወደ ስፔን ተነስቶ ስልኩ የጠፋ ልጅ «መንገደኛ» ነው የሚባለው። አሥር ዓመት ቢያልፈውም መንገደኛ ነው። ከዚያ አንዲት ሴት ከኋላ የልጇን ስም ጮኸች። ታምሲር በማይክሮፎኑ ደገመው። ሌላዋ ጮኸች፤ ደገመው። እኔም ሳላስበው ኦቾሎኒውን በትኜ «ሊባስ! የማሳምባ ልጅ ሊባስ!» ብዬ ጮህኩ።

«ሊባስ፣ የማሳምባ ልጅ» አለ ሰውየው፤ ቀስ ብሎ፣ አንዲት ፊደል ሳይበላ።

ሊባስ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። አባቴ ስሙ በቤታችን እንዳይነሳ ከልክሏል፤ እናቴ እንኳ ለማልቀስ ጎረቤት ነው የምትሄደው። ኢማሙ ስሙን አልጠሩትም፣ ከንቲባውም አልጠራውም፣ በየበዓሉ ሩዝ እያከፋፈሉ ፎቶ የሚነሱት የመንግሥት ሰዎችም አልጠሩትም። ያን ቀን አራት ሺህ ሰው ሰማው። የፖለቲከኛ ጨዋታ ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። ማስመሰልም ቢሆን፣ ሌሎቹ ማስመሰሉን እንኳ አልሞከሩትም።

በሳምንቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሐጂ ቢራም ቤታችን መጣ። ቢራም የገዥው ፓርቲ የሰፈራችን ሰው ነው። ሐጅ ያደረገው በፓርቲው ትኬት ነው፤ ከተመለሰ ወዲህ «ሐጂ» ካልተባለ ሰላምታ አይመልስም። አባቴ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና ቤተሰቡን በጣቱ ቆጠረ፦ አባቴ፣ እናቴ፣ ሁለቱ ወንድሞቼ፣ ሚስቶቻቸው፣ እኔ።

«ከዚህ ቤት ሰባት ድምፅ አለ፣ ማሳምባ። ለእያንዳንዱ እጩ የየራሱ ወረቀት እንዳለው ታውቃለህ። ሁሉንም ከጠረጴዛው ታነሳለህ፣ መጋረጃ ውስጥ ትገባለህ፣ የእጩያችንን፣ የሚኒስትሩን፣ ፖስታ ውስጥ ትከታለህ፤ የቀሩትን እዚያው ቅርጫት ውስጥ ትጥላለህ። የታምሲርን ግን አትጥልም። ለኔ ታመጣልኛለህ። እጅህ ላይ ካለ ፖስታው ውስጥ አልገባም ማለት ነው አይደል? ሰባት የታምሲር ወረቀት ስጠኝና የመካ ትኬትህን ውሰድ። አንድ ከጎደለ ለጎረቤትህ ለፓፕ ሴክ ነው። እሱም ሰባት አለው።»

አባቴ ወደ እኛ ዞረ። «ሰምታችኋል» አለ።

«አባባ፣ ድምፅ እኮ ምስጢር ነው» አልኩ።

ቢራም ሳቀ። «ከአባትሽ? ኧረ ጉድ ነው፣ ሹሩባ ሠሪዋም ሕግ አወቀች!»

«ሐጂ፣ እርሶን መካ ያደረሰዎት የስንት ሰው ወረቀት ነው?»

«ያንዴ!» አለ አባቴ። እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

አባቴን እወደዋለሁ። አርባ ዓመት ባሕር ላይ ኖሮ ጉልበቱ አልቋል፤ ለሱጁድ ግንባሩን መሬት ሊያስነካ ሲወርድ ግድግዳ ይዞ ነው። በየዓመቱ የሐጅ ሰሞን ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከሩቅ የሚሰማውን የሐጃጆቹን ዜማ፣ ተልቢያውን አብሮ ይላል። በራሱ ገንዘብ እንደማይሄድ እሱም እኛም እናውቃለን። ቢራም የገባው በዚያ በር ነው፤ ለዚህም ነው ቢራምን የምጠላው።

ለኪኔ ፀጉሯን እየሠራሁ ሁሉንም ነገርኳት።

«ይሄ ነው የጨነቀሽ?» አለች። «ሞኝ! የሚኒስትሩ ሰዎች የታምሲርን ወረቀት የት የሚጥሉት ይመስልሻል? ቅርጫት ውስጥ! የራስሽን ፖስታ ውስጥ ትከቺያለሽ፣ ከቅርጫቱ አንዱን አንስተሽ ለአባትሽ ትወስጂለታለሽ። እሱም መካ፣ አንቺም ታምሲር። አይ! ቀስ በይ፣ ጭንቅላቴ ነው እኮ!»

«ቢራም ቢያውቅስ?»

«ቢራም ወረቀቱ ላይ ያለውን ፎቶ ነው የሚያየው። ሰፈሩ ሁሉ እንደዛ ሊያደርግ ነው፣ ወላሂ።»

እውነቷን ነው፤ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። እኔም እንደዚያው ላደርግ ወስኜ ነበር።

የምርጫው ዕለት ጠዋት ሰባታችንም ምርጫ ወደሚካሄድበት ትምህርት ቤት ሄድን። አባቴ ፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ለሠርግ የምንሄድ ይመስል። በዕድሜ ቅደም ተከተል አስገቡን፤ እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ። የአሥራ ሁለቱንም እጩዎች ወረቀት አንስቼ መጋረጃውን ገለጥኩ። ታምሲርን ፖስታው ውስጥ ከተትኩ።

ከዚያ ቅርጫቱን አየሁ። የሌሎቹ እጩዎች ወረቀት እንደ ነገሩ ተወርውሮ ሞልቶታል። የታምሲር ግን በቡጢ እየተጨመደደ፣ እየተጠቀለለ ነበር የተጣለው፤ የጠሉት ሰዎች እልሃቸውን የተወጡበት ነው። እጄን አስገብቼ አንዱን አወጣሁ፣ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በመዳፌ ዳሰስኩት። ተጣጥፎ ጉያዬ ሊገባ ምንም አልቀረውም።

አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት እየዋሸን በልተናል። «ወንድምሽ እንዴት ነው?» ሲሉን «ደህና ነው» እንላለን። እናቴ ትዋሻለች፣ ወንድሞቼ ይዋሻሉ፣ እኔም። አሁን ደግሞ እውነቱን ፖስታ ውስጥ ደብቄ፣ ከቆሻሻ ያነሳሁትን ውሸት ለአባቴ ልወስድለት ነው። የአባቴን ጉልበት አሰብኩ፤ ሳላስበው አደረገችው እንዳትሉኝ። አስቤ ነው ያደረግኩት። የተጨማደደውን ወደ ቅርጫቱ መለስኩ፣ የሌሎቹን ጥዬ የሚኒስትሩን ወረቀት ብቻ ሳላጥፍ ይዤ ወጣሁ፣ ፖስታዬን ሳጥኑ ውስጥ ጨመርኩ፣ ጣቴን ቀለም ነከርኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ቢራም ከች አለ። ሩዝ በዓሣው በትልቁ ትሪ ቀርቦ ዙሪያውን ተቀምጠን ነበር። አባቴ ስድስቱን ወረቀት ከጉልበቱ ሥር አውጥቶ ሰጠው፤ ስድስት ታምሲር። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። የሚኒስትሩን ወረቀት ምንጣፉ ላይ፣ ቢራም ፊት፣ ፎቶውን ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ቢራም።

«ሳልጠቀምበት የቀረ ወረቀት ነዋ። ያዘዙን እሱን አይደል?»

ቢራም አንዴ እኔን አንዴ አባቴን አየ። ስድስቱን ወረቀቶች ትሪው አጠገብ በተናቸው።

«ማሳምባ፣ አርባ ዓመት ጀልባ ነድተህ አንዲት ሴት ልጅ መንዳት አቃተህ? ፓፕ ሴክን እንኳን ደስ አለህ በለው።» ቀረብ በል ሳንለው ተነስቶ ወጣ፤ አንዲት ጉርሻ እንኳ ሳይቀምስ።

የወንድሞቼ ሚስቶች ትሪውን ያያሉ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ፤ ሲሰበስብ እጁ ዘገየ። አንዱን ወደ ብርሃኑ ያዘው። ሙሉው ተጨማዷል፣ ጫፉ ላይ የጫማ ምልክት አለ። ሌላውን አየ። ሌላውንም። አምስቱ ከቅርጫት የወጡ ነበሩ። አንዱ ብቻ፣ የራሱ፣ ከጠረጴዛው እንደተነሳ ለስላሳ ነው።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ከተጨማደዱት አንዱን ከፍ አድርጎ።

«የኔ» አለች እናቴ።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተጨማደደው?»

እናቴ ሩዙ ላይ ሎሚ መጭመቋን ቀጠለች። ወንድሜ ጋላይ ጣራውን ያይ ጀመር። እኔም ገና ያኔ ገባኝ፤ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ዕንባዬ። ከዚህ ቤት ለሚኒስትሩ የወጣው ድምፅ የአባቴ ብቻ ነበር።

አባቴ እነሱን አልተቆጣም። ወደኔ ነው የዞረው።

«እነሱ እንኳ ዋሹኝ» አለ። «አክብረውኝ ዋሹኝ። ላንቺ ግን ለውሸት እንኳ አልበቃሁም?»

ይሄ ከጥፊ የባሰ ነበር። ድምፄ ግን ወጣ።

«ውሸት ማክበር ከሆነ አራት ዓመት አክብረንዎታል፣ አባባ። በቃን። ሊባስ ሞቷል። ያ ሰውዬ ስሙን ጠራ፣ የእርሶንም ስም ጨምሮ ጠራ። እኔ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

አባቴ ወረቀቶቹን አንድ ላይ አደራርቦ ጉልበቱ ሥር መለሳቸው።

«ቢያታልላችሁስ?» አለ። «እኔ በወጣትነቴ ስንቱን እየዘፈንኩ የመረጥኩ ይመስልሻል? ወንበሩ ላይ ሲወጣ ስማችሁን ቢረሳስ?»

«ከረሳን በአምስት ዓመቱ የሱን ወረቀት እዚሁ አምጥቼ ፊትዎ አስቀምጥልዎታለሁ።»

«ብሉ» አለ። እናቴ ዓሣውን መቆራረስ ጀመረች፤ በእኛ ቤት እሷ ቆርሳ በየሰዉ ፊት ትጥላለች፣ ሁሉም ከፊቱ ይበላል፣ ወደ መሃል እጁን የሚሰድ ባለጌ ነው።

«ለሷ እንዳትሰጪያት» አለ አባቴ።

የእናቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። በኔ በኩል ያለው ባዶ ሩዝ ነበር። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ጣቴ ላይ ያለው የምርጫ ቀለም ገና አልለቀቀም። እጄን ወደ መሃል ሰደድኩና ከዓሣው ቆረስኩ።

አባቴ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። ትሪውንም ከፊቴ አልሳበም። ጎረስኩ።