ውሸቱን ጠይቂልኝ

ወንድሟ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን የቢሮ አለቃቸው ለቅሶ ሊደርስ መጣና፣ የተቀመጠበትን ወንበር እንኳ ሳያሞቅ የሟቹን የሥራ ደብተር ጠየቀ። እህትየውን ነገሩ የሸተታት ያን ጊዜ ነው።

እህትና ወንድም የሚሠሩት የባቡር ማቋረጫ በሮችን የሚከፍትና የሚዘጋ ፕሮግራም በሚሰናዳበት ቢሮ ነበር። የወንድሟ ሥራ ፕሮግራሙን መጻፍ አልነበረም። ፕሮግራሙ ምን ማድረግ እንዳለበት ለክርክር በማይመች ቋንቋ ያሰፍርና፣ ያንን ፈጽሞ እንደማይስት በሒሳብ ያረጋግጣል። ማንንም በቃሉ ስለማያምን ቢሮው «እስቲ አሳየኝ» የሚል ስም አውጥቶለታል። እሷ በጸሐፊነት ገብታ ሥራውን ከጎኑ ተቀምጣ በዓይኗ ለቀመችው።

አለቃውም ስም አለው፤ «አይቸግርም» ይሉታል። ጣራው ቢያፈስ አይቸግርም፣ ሥራው በወር ቢዘገይ አይቸግርም። እንዲህ ያለ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ለደብተር ሲጣደፍ ማን ዝም ይላል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

«አላገኘሁትም» አለችው። ደብተሩ ከተደገፈችው ትራስ ጀርባ ነበር።

ሥራ በተመለሰች ማግስት አለቃው አንድ ወረቀት ይዞ ጠረጴዛዋ ላይ ተደገፈ።

«በሩ ሰኞ ሥራ ይጀምራል። ወንድምሽ ጨርሶታል፣ መርማሪው ፕሮግራምም አጽድቆታል። የቀረን ሁለተኛ ፈራሚ ነው፣ እህቴ።»

«እርሶ ለምን አይፈርሙም?»

«እኔማ አለቃ ነኝ። አለቃ ደግሞ ምን ያውቃል?» ብሎ ሳቀ። ሳቁም አልጣማትም።

በሩ የሚተከለው ሁለቱ ሴት ልጆቿ ትምህርት ቤት በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ነው።

ወንድሟ አንድ ልማድ ነበረው። መርማሪው፣ ማለትም ማረጋገጫውን የሚሠራው ፕሮግራም፣ «ተረጋግጧል» ሲለው አይደሰትም። ዞር ብሎ ውሸት ይጠይቀዋል፤ ሐሰት የሆነ ነገር ጽፎ «አረጋግጥልኝ» ይለዋል። «ምስክር በእውነት አይፈተንም» ይላት ነበር። «ውሸት ስጪው። እሱንም ከዋጠው፣ እውነቱንም አትመኚው።»

በሯን ዘግታ ተቀመጠችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ባቡር በሚያልፍበት ጊዜ ሁሉ በሩ ለመንገደኛ ክፍት ነው።»

መርማሪው ዓይኑን በጨው አጥቦ «ተረጋግጧል» አላት።

ማረጋገጫው የቆመባቸውን መነሻዎች፣ እውነት ተብለው የተያዙትን ዓረፍተ ነገሮች፣ አንድ በአንድ ወረደችባቸው። አራተኛው «ባቡሩ ሐዲዱ ላይ ያለውን ጠቋሚ ካለፈ በኋላ በሩ ጋ ለመድረስ ቢያንስ አርባ ሰከንድ ይፈጅበታል» ይላል። መጨረሻ ላይ የተጨመረው አሥራ አራተኛው ደግሞ «ቢበዛ ሠላሳ ሰከንድ» ይላል። ከአርባ የማያንስ፣ ከሠላሳም የማይበልጥ ባቡር በዓለም የለም። መርማሪው ያየው ምንም ባቡር የማይደርስበትን አገር ነው። ባቡር በሌለበት አገር ደግሞ ስለ ባቡር የተባለው ሁሉ፣ እውነቱም ውሸቱም፣ እኩል ያልፋል።

አሥራ አራተኛው የገባው በወንድሟ ስም ነው፤ ቀኑ ግን ሊሞት ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው።

«ያዝኩህ!» አለች፣ አለቃውን በልቧ እያየች። የሞተ ሰው አፍ የለውማ። በስሙ አስገብቶ፣ አሁን ደግሞ ደብተሩን ሊያጠፋ!

ልታሳፍረው ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ የዚያን ቀን ገጽ ገለጠች። የተንቀጠቀጠ፣ ግን የወንድሟ የሆነ ጽሕፈት ነበር፦ «አዲሱ ፈጣን ባቡር፤ ቢበዛ ሠላሳ።» ከሥሩም፦ «ውሸት ተጠይቋል፤ አልተቀበለም። እህቴ ጠይቃለች።»

የመጨረሻዋን መስመር ደግማ አነበበቻት።

ኮምፒውተሩን ወደ ሆስፒታል የወሰደችው እሷ ናት። ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከፊቱ ሳትነቅል፣ ምን እንደምትጽፍ እንኳ ልብ ሳትል፣ እሱ እየነገራት አሥራ አራተኛውን መነሻ የጻፈችው እሷ ናት። መርማሪው «ተረጋግጧል» ሲል «ውሸቱን ጠይቂልኝ» አላት። ዓይኑ እየተከደነ ነበር፣ ትንፋሹ ያጥራል። ትንሽ እንኳ ቢተኛልኝ ብላ፣ «ጠየቅኩት እኮ፣ ወንድምጋሼ። እምቢ አለ» አለችው።

«እስቲ አሳዪኝ» አላለም። በዕድሜው ያላለው ያን ቀን ብቻ ነው። ደብተሩን ተቀብሎ ጻፈና ተኛ።

ተነስታ አለቃው ቢሮ ገባች።

«በሩ ሰኞ አይጀምርም» አለችው፣ ሁለቱን መነሻዎችና የተዋጠውን ውሸት ጎን ለጎን እያሳየችው። ደብተሩንም ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይሄን አላገኘሁትም አላልሽም?»

«ዋሽቼ ነው። እርሶን ጠርጥሬ።»

«እኔም እኮ ጠርጥሬ ነው የጠየቅኩሽ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰውየው አልጋ ላይ ሆኖ የሠራው ሥራ አስፈራኝ። ውሸቱን ማን እንደጠየቀው ለማየት ነበር። ደብተሩን ሳጣው ደግሞ፣ የእስቲ አሳየኝ እህት ሳትፈትን አትፈርምም ብዬ ፊርማውን ላንቺ አመጣሁት።» መነጽሩን አውልቆ ገጹን ወደ ዓይኑ አቀረበ። «ታዲያ እሱ ነው የተሳሳተው?»

አዎ ብትል የሚከራከራት አልነበረም። የሞተ ሰው አፍ የለውም።

«መነሻውን ስቷል፤ አርባውን ሳይሰርዝ ሠላሳውን ጨመረ፤ ደክሞት ነበር። ውሸቱን ቢጠይቅ ግን ስህተቱን ይይዘው ነበር። እሱ ጠይቂልኝ አለኝ፤ እኔ ሳልጠይቅ ጠየቅኩ አልኩት።»

አለቃው አፉን ከፈተ። አይቸግርም ሊል መስሏት ጠበቀች። አላለም። እስክሪብቶውን አቀበላት።

ወንድሟ ከጻፈው ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ውሸት አልተጠየቀም። እህትህ።» ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ አርባውን ሰረዘችና፣ ባቡር ሲያልፍ በሩ ዝግ መሆኑን እንዲያረጋግጥ መርማሪውን እንደገና አስነሳችው። ብዙ ቆየ። «አልተረጋገጠም» አላት በመጨረሻ፤ በሃያ ስምንተኛው ሰከንድ የሚደርስ አንድ ባቡርና ገና ተዘግቶ ያላለቀ በር አሳያት።